ሰው ያጣው መፃጉዕ



በዐቢይ ጾም በአራተኛው ሰንበት፣ በመፃጉዕ ዕለት፣ ከዮሐንስ ወንጌል አምስተኛው ምዕራፍ ይነበብልናል። 38 ዓመት በደዌ የኖረውን ሰው ጌታችን ለመዳን ይፈቅድ እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ፣ ሰውዬው ስለ እግሩ አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ውሃው ሲናወጥ አንሥቶ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ተናገረ እንጂ። እንግዲህ ጉድለቱ ሁለት ነበረ፤ አንደኛው በአካሉ፣ ሁለተኛው በዙሪያው በነበሩት ሰዎች ዘንድ።

አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም ይህንኑ ሁለተኛ ጉድለት ይመለከታል። ሰውን ከኑሮ የሚያስቀረው የአካሉ ጉዳት ብቻ ሳይሆን፣ ጉዳቱ ከአካባቢው መሰናክልና ከሰው አስተሳሰብ ጋር ሲጋጠም እንደ ሆነ ይገልጻል።

ወደ መርካቶ እንምጣ። ወር በባተ በአንደኛው ቀን በቅዱስ ራጉኤል ደጅ ለተቀመጡት እንመጸውታለን፤ መልካም ነው። ከዚያ ወደ ሱቃችን ሄደን ዕቃችንን እስከ መንገዱ እንዘረጋለን፤ በምርኩዝ የሚሄደው ሰው ማለፊያ ያጣል፤ የዓይነ ስውሩም በትር ከጆንያችን ጋር ይጋጫል። ሊገዛ ቢመጣ እንኳ የሚሻውን የምንጠይቀው እርሱን ሳይሆን መሪውን ነው፤ ጆሮውም እንደ ዓይኑ የታወረ ይመስል! በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዝዞ ነበር። መንገድ ላይ የተዘረጋውን ዕቃ ለመሰብሰብ ግን አዋጅ መጠበቅ አያሻንም።

ጉዳቱ የኃጢአት ዋጋ ነው የሚሉ ዛሬም አሉ። ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውሩ ይህን በጠየቁ ጊዜ ጌታችን በእርሱም በወላጆቹም ላይ አላሳበበም። በአራተኛው ምዕት ዓመት በእስክንድርያ የነበረው ዲዲሞስ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ሳለ የዚያ ታላቅ ትምህርት ቤት መምህር ሆኗል፤ ሲነበብለት በጆሮው ሰምቶ ያጠና ነበርና። እርሱስ ሰው አላጣም።

ያለ ሰው የቆመ ማን አለ? ሁላችን በሰው ጀርባ ታዝለን አድገናል፤ ዕድሜ ከሰጠንም በሰው እጅ ተይዘን እንሄዳለን። በዚያው በመርካቶ ኩንታል የሚሸከመውን ብርቱ ጎልማሳ ተመልከቱ። ከጫንቃው ከዋለለት ሩቅ ያደርሰዋል፤ ከመሬት አንሥቶ ወደ ጫንቃው ለማውጣት ግን አሸካሚ ይሻል። ስለዚህም በአጠገቡ የሚያልፈውን ይጠራል፤ የተጠራውም ጎንበስ ብሎ ያሸክመዋል፤ ማንም ድኩም አይለውም፤ እርሱም አያፍርም።