ለተራበ ሰው ምን ይዘን እንሂድ?

ባለፈው ሳምንት ከዚራ ቤቴ በራፍ ላይ ካለችው ኒም ዛፍ ሥር ቡና አፍልቼ ተቀምጬ ሳለ ጎረቤቴ ከነልጇ መጣች። ዘንድሮ የልጇን ልደት በድግስ ከማክበር፣ በገንዘቡ ምግብ ገዝታ ተፈናቅለው ከተማችን ለተጠለሉ ሰዎች ልትሰጥ አስባለች። «ሲስተር፣ ሃምሳ እንጀራ ከነወጡ ባሠራ ይሻላል ወይስ ዳቦ ልግዛ ይላሉ?» አለችኝ። መጠየቋ ደስ አሰኘኝ። እኔ ሳልጠይቅ የሰጠሁበት ቀን ነበረና።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከነርስ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ሐረርጌ ውስጥ አንድ የርዳታ ጣቢያ ተመድቤ ነበር። አንድ ማታ አንዲት እናት ሦስት ዓመት የሚሆነውን ልጇን ታቅፋ መጣች። ክንዱ ከአውራ ጣቴ እምብዛም አይወፍርም። ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ለራሴ ካስቀመጥኩት የወተት ዱቄት ከስኳር ጋር በጠበጥኩ፣ ብስኩት አራስኩበት፣ ልጁ በቃኝ እስኪል አበላሁት። እናቱ መረቀችኝ። በማግስቱ ትንፋሹ ይቆራረጥ ጀመር፣ በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ረሃብ ገደለው ብለን ቀበርነው። ብዙ ዓመት ቆይቶ አንድ ሥልጠና ላይ ስለ ከባድ የምግብ እጥረት ሕክምና ስንማር ግን እርሳሴን አስቀምጬ ወጣሁ። ክፉኛ የተራበ ሰውነት ልቡንም ኩላሊቱንም ቀስ አድርጎ ነው የሚያሠራው። ድንገት ብዙ ምግብ ሲገባ በደም ውስጥ ያሉት ፖታሲየምና ፎስፌት ወደ ሴሎች ይሰበሰባሉ፣ የደከመው ልብም ይከዳል። ያንን ልጅ ወተቱ ገደለው ብዬ አልምልም። አልገደለውም ብዬም አልምልም።

ዛሬ እንዲህ ላለ ሕፃን ኤፍ-75 የሚባል ቀጭን ወተት አለ፤ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 75 ካሎሪ ብቻ ነው ያለው። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ በጥቂቱ ይሰጣል። ልጁ ሲረጋጋ ወደ ፕላምፒ ነት ይሸጋገራል። ይህ ከኦቾሎኒ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከስኳርና ከዘይት የተሠራ ለጥፍ ያለ ምግብ ነው። አንዱ ከረጢት 92 ግራም ሲሆን 500 ካሎሪ ይሰጣል። ውሃም እሳትም አይፈልግም፣ በአገራችንም ይመረታል። (ሱቅ ላይ ተደርድሮ ሳየው ደሜ ይፈላል። መድኃኒት ነው እኮ!) ስለዚህ ሁለቱም እግሮቹ ያበጡ ወይም አጥንቱ የወጣ ሕፃን ካያችሁ የቤታችሁን ምግብ ከማጉረስ በፊት ጤና ጣቢያ አድርሱት።

ለጎረቤቴ ሁለተኛ የነገርኳት ስለ ደቻቱ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ጎርፉ ሌሊት መጥቶ ከ250 በላይ ሰው ገደለ፤ ወደ 10 ሺህ የሚሆን ሰው ቤት አልባ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከከዚራም ከመጋላም በየመጠለያው የተወሰደው ምግብ ብዛቱ! ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ድስቱን ተሸክሞ ወጣ። ማን ሠራው፣ ማን ባረከው ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም። ግን የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ጠዋት የመጣው ወጥ ከሰዓት በኋላ ይኮመጥጣል። ሰው እንዳይከፋው ብለን ያላስደፋነው ምግብ ለልጆች ተቅማጥ ሆነ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ድስቶቹ ቀሩ። ሰዎቹ ግን እዚያው ነበሩ።

ሰዎች «ከውጭ ስንዴ ይመጣላቸው የለም?» ይላሉ። ይመጣል። በጅቡቲ ወደብ በኩል ብዙ ስንዴ ገብቶ ብዙ ነፍስ ተርፏል፤ እኔም ሳከፋፍል ኖሬያለሁ። የተለመደው የአንድ ሰው የወር ራሽን 15 ኪሎ እህል፣ አንድ ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ስንዴው ብቻ ይደርስና ክኩና ዘይቱ ይቀራል። እናትየዋ የወፍጮ ስለሌላት ከስንዴው ላይ ትሸጣለች፤ ጨው፣ ሽንኩርት፣ ከሰል ለመግዛትም እንደዚያው። ደግሞ ሊቆም ይችላል። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ርዳታው ላልታሰበለት ሰው እየዋለ ነው ብለው በመላ አገሪቱ ሥርጭቱን አቁመው፣ እንደገና የጀመሩት በ2016 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባሉት ወራት ሰው በጎረቤት ነው የኖረው።

እንግዲህ የእኛ ድርሻ ያንን ክፍተት መሙላት ነው ባይ ነኝ። ሙስሊም ጎረቤቶቼ በረመዳን ማብቂያ የሚያወጡትን ዘካተል ፊጥር ሁልጊዜ አደንቃለሁ። በነፍስ ወከፍ ሁለት ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ የሚሆን፣ የአገሩ ሰው የሚበላው እህል፣ ከኢድ ሶላት በፊት ይሰጣል። ጥሬ ስለሆነ አይበላሽም፣ ልክ አለው፣ ቀንም አለው። እኛ ቤት ተዝካር ላይ የሚደፋውን እንጀራ ሳስብ አንዳንዴ አፍራለሁ።

ጎረቤቴ ወረቀት አውጥታ ጻፈች። እንጀራው ቀረ። ሽሮ፣ ምስር ክክ፣ ዘይት፣ አዮዲን ያለበት ጨው፣ የወፍጮ ገንዘብ። ገንዘቡንም በአንድ ቀን እንዳትጨርሰው ለሦስት ወር ከፈልነው፤ የየወሩን እኔ አብሬያት ላደርስ ተስማማን። መጠለያው ጋ ደውላ ምን እንደጎደላቸው ልትጠይቅም ቃል ገባች።

ልጁ ይህን ሁሉ ጊዜ ቁርሱን እየቆረጠመ ዝም ብሎ ይሰማ ነበር። ሲነሱ ቀሚሷን ጎተት አድርጎ «ኬኩስ?» አላት። ትንሽ ኬክ ይኖራል አለችው።