ዘውድና ጎፈር በዋይት ሐውስ

ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ሬዲዮ ላይ አንድ «ተንታኝ» አሜሪካ ውስጥ ወንበር ላይ ያለ ፕሬዚዳንት እንደማይሸነፍ «ታሪክ መስክሯል» ይላል። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት «እንግዲህ ታሪክ ካለ ምን ይባላል» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስታትስቲክስ አስተምሬ የማድር ሰው ነኝና ወራጅ እስክል ጥርሴን ነክሼ ቆየሁ። ፎርድ በ1976፣ ካርተር በ1980፣ ትልቁ ቡሽ በ1992፣ ትራምፕ በ2020 ወንበሩ ላይ ሆነው ነው የተሸነፉት (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው)። ይህን ለማወቅ አንድ ገጽ መግለጥ ይበቃል።

እኔን ያበገነኝ ሁለተኛው ማስረጃው ነው። የዋሽንግተኑ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን፣ ያኔ ስሙ ሬድስኪንስ፣ ከምርጫው በፊት በሜዳው የሚያደርገውን የመጨረሻ ጨዋታ ካሸነፈ ዋይት ሐውስን የያዘው ፓርቲ ይሰነብታል፤ ከተሸነፈ ይወርዳል። ቀልድ ይመስላል። ግን ከ1940 እስከ 2000 በ16 ምርጫ 16 ጊዜ ሠርቷል።

እስቲ መስቀል አደባባይ ላይ 65,536 ሰው አቁሙና ለያንዳንዱ ሳንቲም ስጡት። ሁሉም ይወርውር፤ ጎፈር የወጣበት ይቀመጥ። ሲበዛ ሲያንስ 32,768 ሰው ቆሞ ይቀራል። ድገሙት፤ 16,384። በአሥረኛው ዙር 64 ሰዎች ገደማ ይቀራሉ፤ እነሱም በጎሪጥ መተያየት ይጀምራሉ። በ16ኛው ዙር አንድ ሰው፣ ምናልባት የሊስትሮ ሣጥን ያንጠለጠለ ልጅ፣ ብቻውን ይቆማል። 16 ጊዜ ዘውድ! ጋዜጠኛው ማይክ ይዞ እየሮጠ «ምሥጢሩ ምንድነው?» ይለዋል። ልጁም ምሥጢር አያጣም፤ በግራ እጁ ነው የሚወረውረው።

ሬድስኪንስ ያ ልጅ ነው። የተቀመጡትን ማን ቆጠራቸው? የሌሎች ከተሞች ቡድኖች፣ የቤዝቦል ዋንጫ፣ የመጀመሪያ ጨዋታና የመጨረሻ ጨዋታ፣ በሜዳና ከሜዳ ውጭ፣ የዕጩዎቹ ቁመት፣ የስማቸው ፊደል ብዛት... አንድ ሰው «አገኘሁ» ሲል ስንት ቦታ ፈልጎ እንዳገኘ ካልነገረን የግኝቱን ዋጋ አናውቅም። ልብስ ሰፊ የደንበኛውን ገላ ሲለካ ኪሱ ውስጥ ያለውን የቁልፍ እብጠት ሳይቀር ለክቶ እንደመስፋት ነው። ቁልፉ የወጣ ቀን ልብሱ ይንዘላዘላል።

ቁልፉ በ2004 ወጣ። ቡድኑ በግሪን ቤይ ተሸነፈ፤ ትንሹ ቡሽ ግን አሸነፈ። ሕጉን ያገኘው የስፖርት አኃዝ ባለሙያ ስቲቭ ሂርት አልጣለውም፤ ጣፈው። በ2000 ብዙ የሕዝብ ድምፅ ያገኘው ተሸናፊው አል ጎር ስለነበር የሚቀጥለው ምርጫ ትርጉሙ ይገለበጣል አለ። በ2012 ቡድኑ ተሸነፈ፣ ኦባማ አሸነፈ፤ ጥፉም ተተረተረ።

(የቃላት ጣጣም አለብን። «ትንበያ» እና «ትንቢት» ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ ተንታኞቻችን ነቢይ ነቢይ የሚያደርጋቸው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። «ዳግም መመረጥ»ም ያስቸግራል። ፎርድ ለፕሬዚዳንትነትም ለምክትልነትም አንዴ እንኳ አልተመረጠም።)

ወንበሩ ጭራሽ አይጠቅምም ማለቴ ግን አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ወንበር ላይ ሆነው ከተወዳደሩት 12 ስምንቱ አሸንፈዋል። ነገር ግን የክረምት ወንዝ አስቡ። የተሻገሩትን ስንቆጥር ሙላቱን አይተው ከዳር የተመለሱትን እንረሳለን። ትሩማን በ1952፣ ጆንሰን በ1968፣ ባይደን በሐምሌ 2024 ከዳር ተመልሰዋል። ሦስቱን ብንጨምር 8 ከ15 ይሆናል፤ ከሳንቲም ብዙም አይርቅም። እርግጥ ቢገቡ ይሰምጡ ነበር ብሎ መማል አይቻልም። ደግሞም ትሩማንና ጆንሰን ከሟች ፕሬዚዳንት የተረከቡትን ጊዜ ጨምረው ከአንድ የሥልጣን ዘመን በላይ ቆይተው ነበር።

የእኔው ሠፈር ሰዎች፣ ቁጥር ቀማሪዎቹ፣ ደግሞ በኢኮኖሚ ይተነብያሉ። የዬል ዩኒቨርሲቲው ሬይ ፌር ከ1978 ጀምሮ ዕድገትንና የዋጋ ንረትን ይዞ ያሰላል። ምክንያቱ ከኳስ ይሻላል፤ መራጭ ኪሱን ያውቃል። ግን የቱን ኪስ? በትልቁ ቡሽ ዘመን የነበረው የኢኮኖሚ ድቀት ያበቃው በመጋቢት 1991 ነው። ማብቃቱ በይፋ የተነገረው ግን በታኅሣሥ 1992፣ እሱ ከተሸነፈ ከወር በኋላ ነው። የመረጃው ብዛትም ያሳፍራል። በአራት ዓመት አንድ ምርጫ ነው ያለን፤ ለአንድ መድኃኒት ሙከራ እንኳ አይበቃም።

በ2020 ሁለተኛ ሩብ ዓመት የአሜሪካ ኢኮኖሚ በዓመት ሲሰላ 30 በመቶ ገደማ ወደቀ። የፖለቲካ ሳይንቲስቱ አለን አብራሞዊትዝ ለዓመታት ይጠቀምበት የነበረውን ዕድገት ከቀመሩ አወጣው፤ ወረርሽኝ ተራ ድቀት አይደለም ብሎ። ይህም መጣፍ አይደለም ወይ ብሎ ተማሪዬ ጠየቀኝ። መጣፍ ነው። ልዩነቱ ሂርት የጣፈው ድምፁ ከተቆጠረ በኋላ ነው፤ አብራሞዊትዝ ከመቆጠሩ በፊት።