የእናቴን ብር ማን ሠራው?

ባለፈው ክረምት አንበሳሜ ቤቴ ሣጥን ሳገላብጥ የእናቴን ማተብ አገኘሁት። ክሩ ነትቧል፤ ጌጦቹ ግን እንዳሉ ናቸው፤ ማንጠልጠያ የተበየደለት ጠገራ ብር፣ መስቀልና ኩክ ማውጫ። የልጅ ልጄን ደብተር ልገዛበት አስቤ ገበያ ወሰድኩት። ነጋዴው አገላብጦ እንኳ ሳያይ ሚዛን ላይ ጣለው። «ሁሉም ያው ብር ነው፤ በግራም ነው የምገዛው» አለኝ። ሆዴ እምቢ አለኝና ይዤው ተመለስኩ።

ጠገራው ስለ ራሱ ይናገራል። በአንድ ወገን የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ፣ በሌላው ባለ ሁለት ራስ ንስር አለበት። ከምስሏ ሥር ኤስ እና ኤፍ የተባሉ የላቲን ፊደላት ይታያሉ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። የድሮ ሰዎች ሲቀበሉት የጌጧን ዕንቁዎች ይቆጥሩ ነበር። ዓመቱ ግን እንዳያሳስታችሁ፤ 1780 እ.ኤ.አ. ንግሥቲቱ የሞተችበት ነው። ከዚያ በኋላም በቪየና፣ በሮምና በለንደን ያንኑ ዓመት እየጻፉ ሲያትሙት ኖረዋል።

መስቀሉና ኩክ ማውጫው ግን ምንም ምልክት የላቸውም። በአውሮፓ የድሮ የብር ማንኪያ ላይ የከተማውና የአንጥረኛው ምልክት ይመታበት ነበር፤ የጀርመኗ አውግስበርግ ምልክት የጥድ ፍሬ ነው። የእኛ አንጥረኞች ጠገራ አቅልጠው ያንን የመሰለ ሥራ ሲሠሩ ስማቸውን አላተሙበትም። ምልክቱ ያለው በባለቤቱ አፍ ነው።

እናቴ ቡና እየቆላች «አባቴ ለሠርጌ ሁለት ጠገራ ሰጥቶ አሠራልኝ» ስትለኝ ሰምቻለሁ። አንጥረኛው ማን ነበር? የየት አገር ሰው? አልጠየቅኋትም። ስንቱን በሽተኛ ስምና አድራሻ ጠይቄ በካርድ ስመዘግብ የኖርኩ ነርስ፣ የእናቴን ሳልጠይቅ ቀረሁ። አሁን እሷም የለች።

የማውቀውን ያህል ለልጅ ልጄ ነገርኳት፤ በደብተሯ ጻፈችው። ወረቀቱንም ከማተቡ ጋር በጨርቅ ቋጠርነው።

እናቶቻችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ ማን ሠራው? ለማን ሠርግ? በስንት ጠገራ? ደግሞም አደራ፣ ኩክ ማውጫውን ለጌጥ እንጂ ለልጅ ጆሮ አትጠቀሙበት፤ ታምቡር ይበሳል።