ጌሙ ብርሃንን እንዴት ያጎብጣል?

እንደ «ዩኒቨርስ ሳንድቦክስ» ባሉ ጌሞች ውስጥ በከዋክብት መሐል ጥቁር ጉድጓድ፣ ማለትም ብርሃን እንኳ የማያመልጠውን አካል፣ ማስቀመጥ የአፍታ ሥራ ነው። ከጀርባው ያለው ሰማይ ወዲያው ይለጠጣል፣ ይጎብጣል፣ ጉድጓዱን እንደ ቀለበት ይከበዋል። ተጫዋቹ ስበት ብርሃንን ሲያጎብጥ ያየ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ያየው የሥዕል ዘዴ ነው።

ብርሃን መጉበጡ እውነት ነው። በአንስታይን ንድፈ ሐሳብ መሠረት ከባድ አካል በዙሪያው ያለውን ሕዋና ጊዜ ያጎብጣል፤ ብርሃንም ያንኑ ተከትሎ ይታጠፋል። የፀሐይን ጠርዝ ታክኮ የሚያልፍ ጨረር የሚታጠፈው የአንድ ዲግሪ 2,000ኛ ያህል ብቻ ነው። የኒውተን ስሌት የሚሰጠው የዚህን ግማሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 የሥነ ፈለክ ሊቁ ኤዲንግተንና ባልደረቦቹ በፀሐይ ግርዶሽ ወቅት መታጠፉን ለክተው ለአንስታይን ፈረዱ። በጥቁር ጉድጓድ አጠገብ ነገሩ ይከፋል። ጉድጓዱ የማይሽከረከር ከሆነ፣ ከመሐሉ በራዲየሱ አንድ ተኩል እጥፍ ርቀት ላይ ብርሃን ራሱ ሊዞረው ይችላል። ከሩቅ የምናየው ጥቁር ክብም ከጉድጓዱ 2.6 እጥፍ ያህል ይሰፋል።

ይህን በኮምፒዩተር ለማስላት የሚበጀው ከዓይን ተነስቶ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ከኮከብ የሚወጣው ብርሃን አብዛኛው እኛ ዘንድ አይደርስም፤ ሁሉንም መከተል ድካም ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ፒክስል አንድ ጨረር ወደ ኋላ ይላካል፣ በየእርምጃው ይታጠፋል፣ መጨረሻው ይታያል፤ ኮከብ ላይ ካረፈ ፒክስሉ ይበራል፣ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ይጠቁራል። ቀመሩ አስፈሪ አይደለም፤ ለማይሽከረከር ጉድጓድ በኒውተን የምሕዋር ቀመር ላይ አንድ ነገር ብቻ ይጨመርበታል። የሚከብደው ድግግሞሹ ነው። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን ከ2 ሚሊዮን በላይ ፒክስል አለው፤ በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ ጌም ደግሞ ለአንዱ ምስል ያለው ጊዜ 16 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው።

አቋራጩ እዚህ ይመጣል። ጌሙ መጀመሪያ ሰማዩን ጉድጓድ እንደሌለ አድርጎ ይሥላል፤ ከዚያ ያለቀውን ሥዕል በጉድጓዱ ዙሪያ ያጣምመዋል። ጋዜጣ ላይ ወፍራም ብርጭቆ አስቀምጦ ፊደሎቹን እንደ ማየት ነው። ለዓይን ያምራል፣ የኮምፒዩተሩን የግራፊክስ ካርድም አያደክምም። ግን ሥዕሉ ውስጥ ያልነበረ ነገር ሊጎብጥ አይችልም። በእውነተኛው ሕዋ ከጀርባችሁ ያለ ኮከብ ብርሃን እንኳ ጉድጓዱን ዞሮ ወደ ዓይናችሁ ሊመለስ ይችላል።

ጊዜ ያላቸው ሰዎች ሙሉውን ስሌት ሠርተዋል። ፈረንሳዊው ዣን ፒየር ሉሚኔ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ሥራ በአይቢኤም 7040 ኮምፒዩተር አስልቶ የጥቁር ጉድጓድን ምስል ነጥብ በነጥብ በእጁ በቀለም ሣለው። ለ2014ቱ «ኢንተርስቴላር» ፊልም የፊዚክስ ሊቁ ኪፕ ቶርን ቀመሩን ሰጠ፤ አንዳንዱ ምስል እስከ 100 ሰዓት ፈጀ። ሆኖም ፊልሙ አንድ ነገር ሆን ብሎ ተወ፦ ጉድጓዱን ከሚዞረው ጋዝ ወደ እኛ የሚመጣው ወገን እጅግ ሊደምቅ ይገባ ነበር። ሉሚኔ አልተወውም፤ በእኔ ዳኝነት በዚህ ነጥብ የእጅ ሥዕሉ ከፊልሙ ይበልጣል።

ጌሙን ስትከፍቱ ጉድጓዱን ወደ ስክሪኑ ጠርዝ ገፋ አድርጉት። ቀለበቱ እዚያ ከተበላሸ ወይም ከተቆረጠ፣ የጎበጠው ብርሃኑ ሳይሆን ሥዕሉ ነው።