ተጣማሪ ፍለጋ፦ የአልዮና ሳቭቼንኮ የበረዶ ላይ ዘመናት

የጥንድ ፊገር ስኬቲንግ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ከሥሩ ስለት የተገጠመለት ጫማ ተጫምተው፣ በበረዶ ወለል ላይ እየተንሸራተቱ፣ በሙዚቃ የታጀበ የዝላይ፣ የሽክርክሪትና የማንሳት ትርኢት በዳኞች ፊት የሚያቀርቡበት ስፖርት ሲሆን፣ ወደ ኦሊምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1908 በለንደን ነው። በዚህ ስፖርት አንድ ተወዳዳሪ የቱንም ያህል ቢበረታ፣ ከቁመቱ፣ ከፍጥነቱና ከትዕግሥቱ ጋር የሚስማማ ሌላ ሰው ካላገኘ ወደ ውድድር ሜዳ መውጣት እንኳ አይችልም፤ ስለዚህ የጥንድ ተወዳዳሪን የሥራ ዘመን ለመረዳት ከሜዳሊያዎቹ ይልቅ ተጣማሪ የተገኘበትን፣ የጠፋበትንና የተተካበትን መንገድ መከተል ይበጃል። በዩክሬን ተወልዳ በሁለት አገሮች ባንዲራ ሥር በአምስት ኦሊምፒኮች የተወዳደረችው፣ ስድስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነችውና የኦሊምፒክ ወርቅን በ34 ዓመቷ ያገኘችው አልዮና ሳቭቼንኮ ይህን ከማንም በላይ ታሳያለች።

ስፖርቱ ከተጣማሪ የሚጠይቀው መተማመን ምን ያህል እንደሆነ የሚታወቀው የሚሠሩት ነገሮች ሲታዩ ነው። በማንሳት ወንዱ በፍጥነት እየተንሸራተተና እየዞረ ሴቷን ከራሱ በላይ በተዘረጋ ክንዱ ይይዛታል፤ ትዊስት በሚባለው ደግሞ ወደ ላይ ይወረውራትና፣ አየር ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ተሽከርክራ ስትመለስ በረዶውን ሳትነካ ወገቧን ይዞ ይቀበላታል። ከሁሉም ይልቅ ተመልካችን የሚያስደነግጠው ውርወራ ዝላይ ነው፤ ወንዱ ሴቷን በጉልበቱ አግዞ ወደ ፊት ይልካታል፣ ከዚያ በኋላ ግን እርሷ ብቻዋን ናት፤ ሦስት ጊዜ ዞራ፣ ወደ ኋላ እየተንሸራተተች፣ በአንድ እግሯ ስለት ላይ ማረፍ አለባት። በተጨማሪም ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው አንድ ዓይነት ዝላይ በአንድ ቅጽበት ይዘላሉ፤ «የሞት ሽክርክሪት» በሚባለውም ወንዱ በአንድ ቦታ እንደ ምሰሶ ተተክሎ፣ ሴቷ እጁን ይዛ፣ ራሷ በረዶውን ሊነካ እስኪቃረብ ተዘርግታ ትዞረዋለች።

ይህ ሁሉ የሚደረገው ያለ ራስ ቁር ነው። በ2004 በአሜሪካ በተካሄደ ውድድር የሩሲያዋ ታቲያና ቶትሚያኒና ከተጣማሪዋ ክንድ ወድቃ ራሷን ስትመታ ዓለም በቴሌቪዥን አይቷል፤ ሆኖም ከዚያው ተጣማሪዋ ከማክሲም ማሪኒን ጋር ተመልሳ በ2006 የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደች። ሴቶቹ ለዚህ ስፖርት የሚከፍሉት ዋጋ ውበቱ ሲወራ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ መዘንጋት ግን አይገባውም።

ከ1964 እስከ 2006 በጥንድ ፊገር ስኬቲንግ የኦሊምፒክ ወርቅ ከሶቪየት ኅብረትና ከተከታዮቿ እጅ ወጥቶ አያውቅም፤ በ2002 ብቻ ለካናዳ ጥንድም ተጨማሪ ወርቅ ተሰጥቷል። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ግን የአሠልጣኞቹና የተወዳዳሪዎቹ ዕውቀት ከአንድ አገር ወደ ብዙ አገሮች ተበተነ። በኪየቭ አቅራቢያ በምትገኘው በኦቡሂቭ ከተማ በ1984 የተወለደችው ሳቭቼንኮ ያደገችው በዚህ የሽግግር ዘመን ነው። ከስታኒስላቭ ሞሮዞቭ ጋር ሆና በ2000 የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ሆነች፤ በ2002 በሶልት ሌክ ሲቲ ኦሊምፒክ ዩክሬንን ወክለው 15ኛ ሲወጡ ገና 18 ዓመቷ ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ተለያዩ። በዚህ ስፖርት ሴቶቹ ብዙ፣ ሰውን ከራሱ በላይ አንስቶ የሚንሸራተት ወንድ ግን ጥቂት በመሆኑ፣ ተጣማሪ ያጣች ሴት አብዛኛውን ጊዜ ያላት ምርጫ ስፖርቱን መተው ወይም አገሯን መተው ነው።

ሳቭቼንኮ አገሯን ትታ በ2003 በምሥራቅ ጀርመን ወደምትገኘው ወደ ኬምኒትዝ ሄደች፤ በዚያም አሠልጣኝ ኢንጎ ሽቶየር ከሮቢን ሾልኮቪ ጋር አጣመሯት። ሾልኮቪ በ1979 በግራይፍስቫልድ ከታንዛኒያዊ አባትና ከጀርመናዊት እናት የተወለደ፣ ጥቁር ተወዳዳሪዎች እምብዛም በማይታዩበት በዚህ ስፖርት አናት ላይ የደረሰ ሰው ነው። እርሷ ፈጣንና ለአደጋ የማትሳሳ፣ እርሱ ደግሞ የረጋና ጥንቁቅ ስለነበሩ፣ የሁለቱ ጠባይ ልዩነት ለሥራቸው ድክመት ሳይሆን ጉልበት ሆነው።

መንገዳቸው ግን ከበረዶው ውጭም ፈተና ነበረው። በ1997 ራሳቸው በጥንድ የዓለም ሻምፒዮን የነበሩት ሽቶየር፣ በወጣትነታቸው ለቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን የደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ለሽታዚ፣ መረጃ አቀባይ እንደነበሩ በመታወቁ የጀርመን ኦሊምፒክ ኮሚቴ ከ2006ቱ የቱሪን ቡድን ሊያስቀራቸው ሞከረ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ እንዲሄዱ ተፈቀደላቸው። ሳቭቼንኮም ከውድድሩ ጥቂት ቀደም ብሎ የጀርመን ዜግነት አገኘች። ዜግነቱ ያስፈለገው ደንቡ እንደ መድረኩ ስለሚለያይ ነው፤ በዓለም ሻምፒዮና ከጥንዶቹ አንዱ ብቻ የሚወክሉት አገር ዜጋ ቢሆን ይበቃል፣ በኦሊምፒክ ግን ሁለቱም ዜጎች መሆን አለባቸው። ሮቤል ተክለማርያም በስኪ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኦሊምፒክ በወከለበት በዚያው የቱሪን ውድድር፣ ሳቭቼንኮና ሾልኮቪ 6ኛ ወጡ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት የድል ነበሩ። በ2008፣ በ2009፣ በ2011፣ በ2012 እና በ2014 የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ፤ የ2012ቱን ያሸነፉት በ0.11 ነጥብ ብቻ ነበር። ኦሊምፒክ ግን እምቢ አላቸው፤ በ2010 በቫንኩቨር የቻይና ጥንዶች ወርቁንና ብሩን ሲወስዱ ነሐስ አገኙ፣ በ2014 በሶቺም እንደገና ነሐስ። በሶቺ ወርቁን የወሰደችው ታቲያና ቮሎሶዣር እንደ ሳቭቼንኮ ሁሉ ዩክሬንን ትታ ለሌላ አገር፣ ለሩሲያ፣ የተወዳደረች ነበረች፤ ከአሠልጣኞቿም አንዱ ያው የሳቭቼንኮ የቀድሞ ተጣማሪ ስታኒስላቭ ሞሮዞቭ ነበር። በዚያ ውድድር ሳቭቼንኮ በትርኢቷ መጨረሻ የሞከረችው ሦስት ዙር ተኩል የሚዞርበት ውርወራ ዝላይ፣ ማለትም ትሪፕል አክስል፣ በመውደቅ አበቃ። ትርኢቱን በቀላል ነገር መዝጋት ይቻል ነበር፤ እርሷ ግን ከባዱን መረጠች፣ ምርጫውም ጠባይዋን በትክክል ይገልጻል።

ሾልኮቪ በዚያው ዓመት በጃፓን አምስተኛውን የዓለም ድል ካገኙ በኋላ ውድድር አቆመ። የ30 ዓመት ሴት የነበረችው ሳቭቼንኮ ግን ሁሉንም ነገር ከመጀመሪያው ለመጀመር ወሰነች፤ የመረጠችው በፈረንሣይ ካን ከተማ የተወለደውን፣ በአምስት ዓመት የሚያንሳትን ብሩኖ ማሶን ነው። ተወዳዳሪ ባንዲራ ሲቀይር የቀድሞ ፌዴሬሽኑ ሊለቀው ስለሚገባና የፈረንሣይ ፌዴሬሽን ፈቃዱን የሰጠው በ2015 መጸው በመሆኑ፣ ጥንዶቹ ከአንድ ዓመት በላይ በዓለም አቀፍ ውድድር ሳይታዩ በባቫሪያዋ ኦበርስትዶርፍ ከአሠልጣኝ አሌክሳንደር ኮኒግ ጋር ልምምድ ብቻ ሲያደርጉ ቆዩ። ውድድር በጀመሩበት ዓመት የዓለም ነሐስ፣ በሚቀጥለው ብር አገኙ፤ በመካከሉ የሳቭቼንኮ ቁርጭምጭሚት ተጎድቶ ለወራት ከልምምድ አራቃት። ማሶም ለዜግነት የሚያስፈልገውን የጀርመንኛ ፈተና ከአንድ ጊዜ በላይ ወድቆ፣ ፓስፖርቱን ያገኘው በኅዳር 2017፣ ኦሊምፒኩ ሊከፈት ሦስት ወር ያህል ሲቀረው ነበር። የአንዲት ሴት የሕይወት ዘመን ልፋት በሌላ ሰው የሰዋስው ፈተና ላይ የተንጠለጠለበት ይህ ጊዜ፣ የጥንድ ስፖርትን ጭካኔ ከየትኛውም ውድቀት አብልጦ ያሳያል።

የኦሊምፒክ ጥንዶች ሁለት ጊዜ ይወዳደራሉ፤ መጀመሪያ የግዴታ ሥራዎች ያሉበትን አጭር ፕሮግራም፣ ቀጥሎም ነጻ ፕሮግራም የሚባለውን ረጅሙን ያቀርባሉ፣ የሁለቱ ድምርም ደረጃቸውን ይወስናል። ለእያንዳንዱ ሥራ እንደ ክብደቱ መነሻ ዋጋ ይተመንለታል፤ ዘጠኝ ዳኞች በአሠራሩ ጥራት ነጥብ ይጨምራሉ ወይም ይቀንሳሉ፣ ከነጥቦቹም ከፍተኛውና ዝቅተኛው ይሰረዛሉ። ይህ አሠራር የመጣው በ2002 ኦሊምፒክ ለካናዳ ጥንድ ተጨማሪ ወርቅ ባሰጠው የዳኝነት ቅሌት ምክንያት ሲሆን፣ በዚያው ኦሊምፒክ የጀመረችው ሳቭቼንኮ የቀድሞውንም አዲሱንም ሥርዓት አይታለች።

በየካቲት 2018 በደቡብ ኮሪያዋ ጋንግኑንግ አዳራሽ ማሶ በአጭሩ ፕሮግራም ሦስት ጊዜ መዞር በነበረበት ዝላይ ሁለት ጊዜ ብቻ ዞረ፤ በ76.59 ነጥብ አራተኛ ሆኑ፣ ከመሪዎቹ ከቻይናውያኑ ሱይ ዌንጂንግና ሃን ኮንግም በ5.80 ነጥብ ራቁ። በማግስቱ በአርማን አማር ሙዚቃና በክሪስቶፈር ዲን ቅንብር ያቀረቡት ነጻ ፕሮግራም ግን 159.31 ነጥብ አገኘ፤ ያን ጊዜ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ሥራው የከበደ ሆኖ ሳለ ክብደቱ አይታይም፤ ውርወራው ከዜማው ጋር ይነሳል፣ ማንሳቱም ያለ ዝግጅት ከእርምጃው መሐል ይወጣል። በዚህ ስፖርት ከቀረቡት ትርኢቶች ሁሉ ከምርጦቹ መሐል መቆጠሩ ያለ ጥርጥር ይገባዋል። የቀሩት ጥንዶች እስኪጨርሱ ከተጠበቀ በኋላ ውጤቱ ከሱይና ከሃን ጋር 235.90 ለ235.47 ሆነ፤ ወርቁን የለየው 0.43 ነጥብ ብቻ ነበር። ጀርመን በጥንድ ወርቅ ካገኘች ከ1952 ወዲህ 66 ዓመት አልፏት ነበር። አራተኛ የወጡትን ሩሲያውያን ካሠለጠኑት አንዱ ደግሞ ሮቢን ሾልኮቪ ነበር።

በሚቀጥለው ወር በሚላኖ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ሳቭቼንኮና ማሶ በ245.84 ነጥብ አሸነፉ፤ ለእርሷ ስድስተኛው የዓለም ድል ሆነ። ከዚያ በኋላ ወደ ውድድር አልተመለሱም። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ማኅበር የጥንዶችን ነጻ ፕሮግራም ከአራት ደቂቃ ተኩል ወደ አራት ደቂቃ አሳጠረ፣ የጥራት መለኪያውንም ከ−3 እስከ +3 ከነበረው ወደ −5 እስከ +5 አሰፋው፤ ክብረ ወሰኖችም ከአዲስ መመዝገብ ስለ ጀመሩ የሚላኖው ውጤት ማንም ሳይበልጠው በታሪካዊ መዝገብ ውስጥ ቀርቷል።