ካፖርቱ በ11 ዶላር፣ ፖስታው በ23

በመንግሥት ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ገጽ ከሚያጣብቡብን ነገሮች ዋነኛው የጨረታ ማስታወቂያ ነበር። ዜናው ይቀነሳል፣ የአንባብያን ደብዳቤ ለነገ ያድራል፣ ጨረታው ግን ገንዘብ ነውና አይነካም። ያገለገለ ተሽከርካሪ፣ አሮጌ ጎማ፣ ቁርጥራጭ ብረት፣ በዕዳ የተያዘ ቤት፣ ሁሉም በሐራጅ ይሸጣል። የማስታወቂያው ቋንቋ እስከ ዛሬ በቃሌ ነው። ተጫራቹ ሲፒኦ ያስይዛል፤ አሸናፊው ንብረቱን በተባለው ቀን በራሱ ወጪ ያነሳል፤ መሥሪያ ቤቱም የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው። ከእነዚህ መሐል «በራሱ ወጪ ያነሳል» የምትለዋን ያን ጊዜ ልብ ብያት አላውቅም። ቁም ነገርነቷ የገባኝ እዚህ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ፣ በአንዲት ጎረቤቴ ካፖርት የተነሳ ነው።

ጎረቤቴ ሜሪላንድ ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት የምትሠራ እህታችን ናት። ሕሙማን ስታነሳና ስታስተኛ ወገቧን አመማትና የሥራ ሰዓቷን ቀነሰች። የቤት ኪራዩ ግን አልቀነሰም፤ አገር ቤት ለእናቷ በየወሩ የምትልከውም እንዲሁ። ስለዚህ ያገለገሉ ልብሶች ከሚሸጡባቸው የበጎ አድራጎት መደብሮች ደህና ደህናውን እየመረጠች በኢንተርኔት ጨረታ መሸጥ ጀመረች። በእነዚህ መደብሮች የዕለቱ ቀለም ያለው ወረቀት የተለጠፈበት ልብስ በግማሽ ዋጋ የሚሄድበት ቀን አለ። እሷ ያንን ቀን ታውቃለች።

አገር ቤት ሰልባጅ የለበሰ ሰው ከየት እንደገዛው አይናገርም ነበር። እዚህ ደግሞ «ከሌላ ሰው ገላ ላይ የወረደ ነው» ብለህ፣ ኮሌታው የሳሳበትን ቦታ ፎቶ አንስተህ፣ ብብቱን በሜትር ለክተህ ካልጻፍክ የሚገዛህ የለም። እንዲያውም ጉድለቱን በግልጽ የጻፈ ሻጭ ነው የሚታመነው።

ጨረታው የሚካሄደው ኢቤይ ላይ ነው። ፒየር ኦሚድያር ይህን ገበያ በ1995 እ.ኤ.አ. ሲጀምር የመጀመሪያው ሽያጭ ተብሎ የሚነገርለት የተበላሸ የሌዘር መጠቆሚያ ነው፤ በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም ተሸጠ። የተበላሸ ዕቃ ገዢ ካለው ያገለገለ ካፖርት እንዴት ገዢ ያጣል? ገዢ አይጠፋም። ችግሩ ወዲህ ነው።

ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ አንድ ወፍራም የሱፍ ካፖርት በ7 ዶላር ገዛች። በጨረታ አወጣችው። የፖስታውን ሒሳብ ስትሞላ «8 ዶላር» ብላ ጻፈች። ለምን 8? ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አንዲት ስስ ሸሚዝ ቨርጂኒያ ስትልክ 6 ዶላር ገደማ ስለከፈለች፣ ካፖርት ሲሆን ሁለት ብጨምርበት ይበቃል ብላ ነው። ጨረታው እሑድ ማታ በ11 ዶላር ከ50 ተዘጋ። አሸናፊው ሲያትል ነው፤ ከእኛ አገሪቱን አቋርጦ ሌላው ጫፍ። ካፖርቱ ከነካርቶኑ 5 ፓውንድ መዘነ፤ ፖስታ ቤት መስኮቱ ላይ 23 ዶላር ከ40 ሳንቲም ተባለች።

ሒሳቡን እኔ ነኝ የሠራሁላት፤ ማታ ወረቀት ይዛ መጣች። ገዢው የከፈለው ከነፖስታው 19 ዶላር ከ50። ድረ ገጹ የቆረጠው 3 ዶላር ከ28። ፖስታው 23 ከ40። የካፖርቱ መግዣ 7። ጠቅላላ ኪሳራ ከ14 ዶላር በላይ፣ ለፎቶውና ለማሸጉ የዋለውን ጉልበት ሳንቆጥር። መጦሪያው ውስጥ አንድ ሰዓት ጎንበስ ቀና ብላ የምታገኘው ገንዘብ ሄደ ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ዚፑ ተበላሽቷል ልበለውና ገንዘቡን ልመልስለት?» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር ወዲያው አልመለስኩላትም። 14 ዶላር ለእሷ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ያ የጋዜጣችን «የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው» እዚህ አይሠራም። ሻጭ በራሱ ምክንያት ሲሰርዝ እንደ ጥፋት ይመዘገብበታል፤ ገዢው ክፉ አስተያየት ሊጽፍበት ይችላል። ከ2008 ወዲህ ደግሞ ሻጩ በገዢው ላይ ክፉ አስተያየት መጻፍ አይችልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ካፖርቱ ዚፕ አልነበረውም፤ ባለቁልፍ ነው። ይህን ስነግራት ሳቀች፣ ከዚያም አለቀሰች። በማግሥቱ ላከችው።

አገር ቤት «ልዋጭ» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ነጋዴ አሮጌ ሱሪ ተቀብሎ ጎድጓዳ ሳህን ይሰጠን ነበር፤ ተሸክሞ የሚሄደውም እሱ ነው። በሐራጁም አሸናፊው መኪና ይዞ ይመጣል። በሁለቱም ዘንድ ስለ ማጓጓዣ የሚጨነቀው ወሳጁ ነው። በኢንተርኔቱ ጨረታ ግን ዋጋውን የሚወስኑት ተጫራቾች ሲሆኑ የማድረሻውን ሒሳብ ሻጩ አስቀድሞ፣ ማን እንደሚያሸንፍና የት እንደሚኖር ሳያውቅ ይቆርጣል። ብዙ ጀማሪዎች ትኩረታቸውን ሁሉ መነሻ ዋጋው ላይ አድርገው ፖስታውን እንደ ትርፍ ነገር በግምት ይሞሉታል። የሚከስሩት እዚያች ላይ ነው።

ለዚህ ሥራ መጀመሪያ መገዛት ያለበት ልብስ ሳይሆን ሚዛን ነው። የአሜሪካ ፖስታ ቤት በሐምሌ 2023 ቀድሞ የነበሩትን አነስተኛና ርካሽ የጥቅል አገልግሎቶች ግራውንድ አድቫንቴጅ በሚባል አንድ አገልግሎት አጠቃሎአቸዋል፤ የ100 ዶላር ዋስትናም አብሮት አለ። ከአንድ ፓውንድ በታች የሆነ ዕቃ በአውንስ እርከን ይታሰባል። አንድ ፓውንድ ካለፈ በኋላ ግን ወደሚቀጥለው ሙሉ ፓውንድ ነው የሚጠጋጋው። አንድ ፓውንድ 16 አውንስ ነው። ጥቅልህ በጥቂቱ 16ን ካለፈ የሁለት ፓውንድ ትከፍላለህ። ስለዚህ የሚመዘነው ልብሱ ብቻ ሳይሆን ከነማሸጊያው፣ ከነፕላስተሩ፣ ከነወረቀቱ ነው። ጎረቤቴ ሹራቦቹን በካርቶን ትልክ ነበር። ካርቶኑን ትታ በስስ የፕላስቲክ ከረጢት ማድረግ ስትጀምር ብዙዎቹ ከፓውንድ በታች ወረዱላት።

በነገራችን ላይ፣ ፖስታ ቤቱ በነፃ የሚሰጠው ካርቶን ለፈጣኑ የፕራዮሪቲ አገልግሎት ብቻ ነው። ገልብጦ ለርካሹ መላኪያ የሚጠቀምበት ሰው ሞልቷል፤ ከታወቀ የፕራዮሪቲውን ዋጋ ያስከፍላል። ሐበሻው ጫማ ማስቀመጫ ያደረገውን ግን እንለፈው።

ሁለተኛው ርቀት ነው። ዋጋው እንደ ክብደቱ ብቻ ሳይሆን እንደ ዞኑም ይለያያል፤ ከሜሪላንድ ቨርጂኒያና ከሜሪላንድ ሲያትል አንድ አይደሉም። ለሸሚዝ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ለካፖርት ግን ጎረቤቴን ያስለቀሰው ነው። መፍትሔው ከባድ ልብስ ላይ ቁርጥ ዋጋ አለመጻፍ ነው። ክብደቱን፣ መጠኑንና ያለህበትን የፖስታ ቁጥር ካስገባህ ድረ ገጹ ራሱ እያንዳንዱን ገዢ እንደ አድራሻው ያሰላለታል። የሲያትሉ ሰው የሲያትሉን ዋጋ አይቶ ይጫረታል፤ ካልተስማማው ይተዋል። የፖስታ ወረቀቱንም መስኮት ላይ ከመግዛት በኢንተርኔት ማተም ይረክሳል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያየው ድርሻው ነው። አሜሪካ ውስጥ እስከ 2011 ድረስ ኢቤይ ከሽያጩ የሚወስደው ከዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ ነበር። ብልጣ ብልጦች ሸሚዙን በ1 ሳንቲም አውጥተው ፖስታውን 15 ዶላር ያደርጉ ነበር፤ ድርሻውን ለመሸሽ። በዚያው ዓመት ድርሻው ከፖስታውም ላይ መቆረጥ ጀመረ። ተንኮሉ ቀረ፤ ቅጣቱ ግን ለቅን ሰውም ተረፈ። ዛሬ ከልብስ የሚቆረጠው ከ13 በመቶ በላይ ነው። ለፖስታ 10 ዶላር የምታወጣ ከሆነና ከገዢውም 10 ዶላር ከጠየቅህ፣ ከአንድ ዶላር በላይ ከኪስህ ሄደ። ወጪህን በትክክል ለመተካት 11 ዶላር ከ50 አካባቢ መሆን አለበት። ይህን መጠየቅ ሌብነት አይደለም። 20 መጠየቅ ነው ሌብነቱ።

«ታዲያ ፖስታው ነፃ ነው ብሎ ዋጋውን ከፍ ማድረግ አይሻልም ወይ?» የሚል አይጠፋም። በቁርጥ ዋጋ ለሚሸጥ ይሆናል። በጨረታ ግን ዋጋው የት እንደሚቆም አታውቅም፤ ነፃ ብለህ በ9 ዶላር ሊዘጋብህ ይችላል። ታንጂም ሆሳይንና ጆን ሞርጋን የተባሉ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች በ2006 ባሳተሙት ጥናት የሙዚቃ ሲዲና የቪዲዮ ጨዋታ ኢቤይ ላይ እየሸጡ ይህንኑ ሞክረዋል። መነሻ ዋጋውን ዝቅ፣ ፖስታውን ከፍ ሲያደርጉ በብዛት ተጫራቹም ገቢውም በለጠ፤ ሰው ዓይኑን የሚጥለው መነሻው ላይ ነውና። የፖስታው ሒሳብ ከዕቃው ዋጋ ጋር ሲነፃፀር ሲገዝፍ ግን ዘዴው በሲዲው ላይ አልሠራም። እኔ ከዚህ የምወስደው ሰውን ማታለል ይቻላል የሚለውን አይደለም። እውነተኛውን የፖስታ ወጪ በግልጽ መጻፍ ተጫራች ያባርራል ብሎ መፍራት አያስፈልግም ነው የምለው።

ጎረቤቴ አሁን ወጥ ቤቷ ውስጥ፣ ከበርበሬው ዕቃ አጠገብ፣ ሚዛን አላት። ከባድ ነገር ስታገኝ መደብሩ ውስጥ በእጇ መዝና ነው የምትመልሰው ወይም የምታነሳው። ካፖርት ትታለች ማለት ይቻላል፤ የሐር ሻርፕ፣ የልጆች ልብስና ቀላል ሸሚዝ ላይ ናት። የሲያትሉ ሰውዬ ካፖርቱን ወዶት ጥሩ አስተያየት ጽፎላታል። አስተያየቱን ስታሳየኝ «14 ዶላር የከፈልኩበት ምስጋና» አለችኝ።

ባለፈው ቅዳሜ እኔም ከአገር ስወጣ ለብሼው የመጣሁትን የሱፍ ኮት ይዤላት ሄድኩ። ካገባሁት ቆይቷል፤ አሁን አይዘጋልኝም። ኪሱን ፈተሸች፣ ገበሩን ገለበጠች፣ የሳሳውን ክርን ፎቶ አነሳች፣ አጣጥፋ ከረጢት ውስጥ ከታ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው።

«2 ፓውንድ ከ3 አውንስ ነው ጋሼ፤ 3 ብዬ ልጻፈው?»

«ጻፊው» አልኳት።