ያረጁ ፈረሶችና በቅሎዎች አያያዝ በላስታ ደጋ

መኪና በማይደርስበት የላስታ ተራራማ አገር እህል ወደ ላሊበላ የቅዳሜ ገበያ የሚጓዘው በአብዛኛው በጋማ ከብት ጀርባ ነው። ወደ አሸተን ማርያም ከሚወጡትም እንግዶች ብዙዎቹ በበቅሎ ይጓዛሉ። በቅሎ ስለማትወልድ ምትኳ የሚገኘው በግዢ ወይም ባዝራን ከአህያ በማዳቀል ብቻ ነው።

ብዙ ባለቤቶች እንስሳው ሲከሳ «አርጅቷል» ብለው ሜዳ ላይ ይተዉታል፤ የጅብ ሲሳይም ይሆናል። ይሁን እንጂ ክሳቱ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከጥርስ ስለሆነ፣ ከመተዉ በፊት አፉን ማስመርመር ይገባል።

የፈረስ ቋሚ ጥርስ በ5 ዓመት ገደማ ይሟላል። ከዚያ በኋላ በማኘክ የሚያልቀውን ለመተካት በየዓመቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከድድ ይወጣል። ዕድሜው ከ20 ዓመት ሲያልፍ ይህ ክምችት ስለሚመናመን ጥርሱ ይላላል፣ ይወልቃልም። ቀደም ብሎም ቢሆን መንጋጋው እኩል ካልተበላ ጠርዙ ሾሎ ምላስንና ጉንጭን ያቆስላል። በሚገባ ያልታኘከ ገለባ ሰውነት አይሆንም፤ አንጀትንም ሊዘጋ ይችላል።

ምልክቶቹ የሚከተሉት ናቸው፦
ሀ/ ያኘከውን መኖ መልሶ መጣል፤
ለ/ በፋንድያው ውስጥ ረጃጅም ገለባና ያልተፈጨ ገብስ መታየት፤
ሐ/ የአፍ መጥፎ ሽታ።

እንዲህ እንዲደረግ እንመክራለን፦
1. ገለባውና ድርቆሹ ከ2 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ተከትክቶ በውሃ ይራስ። ፉርሽካ ወይም የተከካ ገብስ በውሃ ተለውሶ፣ በጥቂት በጥቂቱ በቀን 3 ጊዜ ይሰጥ። ያደረ እርጥብ መኖ ይደፋ።
2. ንጹሕ ውሃ አይጓደልበት። የከሳ እንስሳ የደጋውን ብርድ ስለማይችል ሌሊት በጋጣ ይደር።
3. ክብደቱ 250 ኪሎ ለሚሆን አሮጌ እንስሳ ጭነቱ ከግማሽ ኩንታል አይብለጥ። ጀርባው ሥጋ ስለሚጎድለው ኮርቻው በአከርካሪው ላይ እንዳያርፍ ወፍራም ምንጣፍ ይደረግለት።
4. የሾለ ጥርስ በእንስሳት ሐኪም ይሞረድ፤ የሆድ ትል መድኃኒትም በክብደቱ ልክ ይሰጠው።

የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ይህን ምርመራ ግጦሽ ከሚጠፋበት ከየካቲት በፊት ቢያከናውኑ ይመረጣል፤ ለአሮጌዎቹም ለስላሳው ድርቆሽ በአጨዳ ጊዜ ለብቻው ይከመር። መብላትም መነሣትም ያቃተው እንስሳ ግን ለአውሬ ከሚጣል ይልቅ በሐኪም እጅ ያለ ሥቃይ ቢያልፍ ይሻላል።